ደረት ኪስ የገባው ሳር

ፊርደውስ የከሚሴ ልጅ ናት። በርሊን ገብታ መስኖ መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ነገሩ ሳቅም አለበት፤ የቦርከና ወንዝ በየክረምቱ ሞልቶ የጨፋ ሸለቆን ማሽላ ይዞ ሲነጉድ እያየች ያደገች ልጅ፣ ውሃ ገርቶ መንዳት ለመማር ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ ሄደች። እናቷ ዙቤይዳ ለጎረቤት ስታወራ «ልጄ ቦርከናን ልታስርልን ነው የሄደችው» ትል ነበር። ጎረቤትም ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ይህ እንግዲህ የሙህዲን ወሬ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ሙህዲን የፊርደውስ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ነበር፤ ከሚሴ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ጠዋት ጠዋት ተሳፋሪ ጭኖ እንኳ ቢሆን መንገድ አጣሞ እህቱን ትምህርት ቤቷ በር ላይ ያወርዳታል። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም መልስ አያጣም። «ታገሡ እንጂ ወገኖቼ፣ ኢንጂነር ጭነናል» ይላል። ያን ጊዜ ኢንጂነሯ ገና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያስፈራት ነበር።

አንድ ሰኞ ግን «ባቲ ገበያ ደርሼ ፍየል አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ፍየልም አላየ፣ ቤቱም አልተመለሰ። ከዚያ ገበያ ወደ አፋር በረሃ የሚወርድ መኪና አይጠፋም፤ ከበረሃው ወዲያ ባሕር ነው፣ ከባሕሩ ወዲያ የሰው አገር። ስንቱ የሰፈር ልጅ በዚያ በር ወጥቷል። ዙቤይዳ ገና በማግስቱ ልቧ ነገራት። ከወራት በኋላ «ደህና ገባሁ» ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እንደገና ሲደውል ከእስር ቤት ነው። በድንበር ተራራ ላይ ሸክም አሸክመውት ከነሸክሙ ተይዟል። ሸክሙ ደግሞ በዚያ አገር ሕግ የሚያስገድል ኖሯል። አብሮት የተያዘ አንድ የባቲ ልጅ አለ፤ በሁለቱም ላይ ሞት ተፈረደ። «ከአረፋ በኋላ ነው እያሉን ነው» ብሎ ሳይጨርስ መስመሩ ተቋረጠ።

እቤት ውስጥ ያችን ቃል የሚጠራት የለም። «ያ ነገር» ይሏታል። ፊርደውስ ግን በርሊን ላይ ብቻዋን ስለሆነች ያችው ቃል ሌት ተቀን አብራት ትውላለች። ክፍል ገብታ መምህሩ ስለ ቦይ ስፋት ሲያስረዳ እሷ የወንድሟን አንገት ታስባለች። ያልጻፈችበት የእርዳታ ድርጅት፣ ያልደወለችለት ሰው የለም። ሁሉም በትህትና «መልእክትሽ ደርሶናል» ይላታል። የከሚሴ ሽማግሌዎችም አዲስ አበባ ወጥተው የዚያ አገር ኤምባሲ ደጅ ሊቆሙ ይመካከራሉ። ምግብ አልወርድ ብሏት ልብሷ ከላይዋ ሰፋ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሳለች ነው የትምህርት ክፍሏ የውጭ አገር ተማሪዎችን የጀርመን ፓርላማ ሊያስጎበኝ ነው የተባለው። ከሕንፃው ጉብኝት በኋላ አንድ የሕዝብ እንደራሴ ተማሪዎቹን ያነጋግራሉ ተብሏል።

ልትቀር ነበር። በምን አንጀቷ ትጎብኝ? ለእናቷ በስልክ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነገረቻት።

«የት ነው ያልሽኝ?» አለች ዙቤይዳ።

«ፓርላማ ነው እማ። የመንግሥታቸው ቤት። ሕግ የሚያወጡበት።»

«ትልቅ ነው?»

«በዓለም የታወቀ ነው።»

«ሳር ይዘሽ ግቢ» አለች ዙቤይዳ።

እዚህ ላይ የሳሩን ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚቀጥለው ሁሉ እብደት ይመስላል። በከሚሴና በዙሪያዋ ሰው ከሰው ደም ሲቃባ የሚያስታርቁት አበጋሮች ናቸው። አበጋር ወደ ተበደለው ሰው ደጅ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ለምለም ሳር ነጭቶ ይይዛል። ግባ ቢሉት አይገባም፣ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም። ሳሩን እንደያዘ ቆሞ ይለምናል። ባለደጁ ሳሩን ከተቀበለው ነገሩ አለቀ፤ ምሕረቱ በእጁ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያንኑ ጉዳይ ይዞ ሌላ ደጅ የሚሄድ የለም። የሄደ እንደሆነ ሳሩን የተቀበለውን ሰው «አላመንንህም» ብሎ ፊቱ ላይ እንደመናገር ነው። አልምርም ያለ ሰው ሳሩን ይመልሳል፤ ያኔ ለማኞቹ ነጻ ናቸው፣ የፈለጉበት ደጅ ይቆማሉ። ሳር መመለስ ግን ከባድ ነው፤ የመለሰ ሰው በጨፋ ሸለቆ ሁሉ ስሙ ይነሳል።

«እማ፣ እነሱ ሳር አያውቁም እኮ» አለች ፊርደውስ።

«ሳር የማያውቅ አገር አለ? ከብት የላቸውም?»

«አላቸው፣ ግን...»

«መንግሥት መንግሥትን ያውቀዋል። አንዱ ትልቅ ቤት ለአንዱ ትልቅ ቤት ቢናገርለት ይሰማዋል። እኔ እዚያ ብሆን እንኳን ሳር እሾህም እይዝ ነበር።»

ከዚያ እንደልማዷ ምርቃቷን ጀመረች። ዙቤይዳ ሳትመርቅ ስልክ ዘግታ አታውቅም፤ ካርድ ቢያልቅባት እንኳ ከሰው ተበድራ ደውላ ታስጨርሳለች። «አላህ ያለሽበትን አገር ያለምልመው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ደጅሽን የሰፋ ያድርገው፣ ለአገርሽ አፈር ያብቃሽ።» ፊርደውስ በየመሐሉ «አሚን» ትላለች።

ቀኑ ደረሰ። ከፓርላማው ፊት ለፊት ሰፊ መስክ አለ፤ ሰዉ ሁሉ ተኝቶበት ፀሐይ ይሞቃል። ጓደኞቿ ፎቶ ሲነሱ ፊርደውስ ጫማዋን የምታስር መስላ ጎንበስ አለችና አንድ እፍኝ ሳር ነጨች። የሥሩን አፈር አራግፋ ኮት ኪሷ ከተተችው። እፍረትም ያዛት፣ ሳቅም መጣባት፣ ከሁለቱ ይልቅ ግን ልቅሶው ቀረባት። ፍተሻው ላይ ዘበኛው ኪሷን አይቶ ፈገግ ብሎ አሳለፋት።

ሕንፃው ከታች የጥንት ድንጋይ ነው፤ አናቱ ላይ ትልቅ የመስተዋት ጉልላት ተደፍቶበታል። በጉልላቱ ውስጥ ሰው ጥምዝምዝ መንገድ ይዞ እስከ ጫፉ ይወጣል። አስጎብኚዋ ወደታች እያሳየቻቸው፣ ሕዝቡ ከላይ ሆኖ እንደራሴዎቹ የሚሰበሰቡበትን አዳራሽ ቁልቁል እንዲያይ ተብሎ የተሠራ ነው አለቻቸው፤ ሹሞቹ የሚሠሩት ለማን እንደሆነ እንዳይረሱ ነው ነገሩ። ተማሪው ሁሉ ተደነቀ። ፊርደውስ ወደታች ስታይ የታያት ባዶ ወንበር ነው። እሷ የምታውቀው ልመና ከታች ወደ ላይ የሚደረገውን ነው። ከላይ ሆኖ እንዴት ተብሎ ይለመናል? የብረቱን መደገፊያ ጨብጣ ቆመች።

ከጉልላቱ ወርደው አንድ ክፍል ገቡ። እንደራሴው ሸምገል ያሉ፣ ቀጭን፣ ሳል የሚያስቸግራቸው ሰው ናቸው። አንዲት ጸሐፊ አብራቸው አለች። ተማሪዎቹ ስለ አየር ንብረት ጠየቁ፣ ስለ ቪዛ ጠየቁ፤ ሰውዬው በደግ አንደበት መለሱ። ፊርደውስ እጇን አወጣች። ያጠናችው እንግሊዝኛ ሁሉ ከአፏ በነነ። «ወንድም አለኝ» አለች። «ሊገድሉት ነው። ከበዓላችን በኋላ ሊገድሉት ነው።»

ሰውዬው ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ። እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ የሚያስቀይም እውነት ነገሯት፤ የሌላ አገር ፍርድ ቤት እሳቸውን አይሰማም፣ ቃል ሊገቡላት አይችሉም፣ ግን ስሙን ለጸሐፊያቸው ብትሰጥ ለሚመለከተው ክፍል ያስተላልፋሉ። ሰዓቱም አለቀ፤ ሁሉም ተነሳ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ፊርደውስ ከፊታቸው ቆመች። ሳሩን ከኪሷ አወጣችና በቀኝ እጇ ዘረጋችላቸው። አንገቷን ደፋች። በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ ሌላ ቋንቋ አልመጣላትም። «ስለ ሳሩ ብለው» አለች።

ሰውዬው ግራ ተጋቡ። ልጅቷን አዩ፣ ሳሩን አዩ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፤ እንዳይረግፍም ተጠንቅቀው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «አመሰግናለሁ» አሉ። ስጦታ መስሏቸዋል። በዚያው የቡድን ፎቶ ተነሱ፤ ሳሩ ከደረታቸው ብቅ ብሎ ይታያል።

ፊርደውስ ፎቶውን ለእናቷ ላከች። ሌላ ነገር አልጻፈችም። ምን ብላ ትጻፍ?

ዙቤይዳ ወዲያው ደወለች፤ ስታለቅስ ቃሏ አይለይም። ከኋላዋ የሴቶች እልልታ ይሰማል። «ተቀበሉ» ትላለች ደጋግማ። «ልባቸው ላይ አደረጉት። አልሀምዱሊላህ፣ ልባቸው ላይ።» ፊርደውስ «እማ፣ ቆይ ላስረዳሽ» ለማለት አፏን ከፈተች። ግን እናቷ ከዚያ ወሬ ወዲህ ገና ዛሬ እህል መቅመሷን ነገረቻት። እንዴት ብላ ከጉሮሮዋ ትንጠቃት? ምርቃቱን እስከ መጨረሻው «አሚን» እያለች ተቀበለችና ዝም አለች።

ከሚሴ ላይ ያ ፎቶ ያልገባበት ስልክ የለም አሉ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ አንዱ ለአንዱ ያሳያል። ዙቤይዳ የሙህዲንን ክፍል አስለስና ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣች።

ሱዓድ ናት ነገሩን የገለጠችው። ሱዓድ የቤቱ ታናሽ ናት፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤት ርቃ፣ ከመናኸሪያው ጫጫታ መሐል ደወለች።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እማ እንዳትሰማ።»

«ምን ሆናችሁ?»

«ሼህ ሸምሱና ሽማግሌዎቹ አዲስ አበባ ሊወጡ ነበር አይደል? የዚያ አገር ኤምባሲ ደጅ ሊቆሙ? ቀርተዋል።»

«ለምን?»

«ሳሩ ተይዟል ብለው ነዋ። የባቲዎቹ ግን ሄዱ። ሽማግሌዎቻቸው ደጅ ጠኑ፣ ሰው ሰማቸው፣ የልጃቸው ፍርድ እንደገና ይታይ ተብሎ ተመለሰ። አብሮት የተያዘው ልጅ ተረፈ ማለት ነው። የኛ ብቻ ቀረ። አረፋ ደግሞ ደረሰ እኮ ፊርዱ።»

ፊርደውስ ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። ይህን ያደረገችው እሷ ናት። ወንድሟን ልታድን የነጨችው ሳር የሚያድኑትን ሰዎች እጅ አስሮ አስቀመጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጮኻ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ለልቅሶም ጊዜ የለም። ለሼህ ሸምሱ ደወለች።

ሼህ ሸምሱ ስንቱን ደም ያስታረቁ አበጋር ናቸው። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ፣ ሲናገሩም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። «ኢንተለ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አላህ ይባርክሽ፣ ሰው ሆንሽልን።»

«ሼህዬ፣ አውፍ በሉኝ። እኚያ ሰውዬ የሳር ነገር አያውቁም። ስጦታ መስሏቸው ነው የወሰዱት።»

«በአንድ እጅ ነው የተቀበሉሽ በሁለት?»

«በሁለት።»

«ተቀምጠው ነው ቆመው?»

«ቆመው።»

«የት አደረጉት?»

«ደረት ኪሳቸው። ፎቶው ላይ አይተውታል እኮ።»

«እና ምን ጎደለ ልጄ?»

«ባያውቁትስ ሼህዬ? ወላሂ አያውቁትም። ኤምባሲው ደጅ ሂዱልኝ፣ እባካችሁ፣ ቀኑ እያለቀ ነው።»

ሼህ ሸምሱ ሲመልሱ ድምፃቸው ጭንቀት ነበረበት፤ ልጁን ከሕፃንነቱ ያውቁታል። «ሳር አስይዘን ሌላ ደጅ ብንቆም እኚያን ሰው ከዳናቸው ማለት ነው። የከዳ አበጋር የያዘውን ሳር ማን ይቀበለዋል? እኔ ብሄድ እንኳ ሌሎቹ አይከተሉኝም። እናትሽም አትፈቅድም። ሳሩ ካልተመለሰ መነሻ የለንም ልጄ።»

ስለዚህ ሳሩን ማስመለስ ነበረባት። ልብ በሉልኝ፣ የከሚሴ ልጅ የጀርመን ፓርላማ ደጅ ቆማ «ሳሬን መልሱልኝ» ልትል ነው። ጸሐፊዋ የሙህዲንን ስም በጻፈችበት ቀን ስልኳን ሰጥታት ነበርና ደወለችላት። ሦስት ጊዜ አስረድታት ሴትዮዋ «ሳሩን ነው ያልሽኝ?» አለቻት። «ሳሩን» አለች ፊርደውስ። መስኩ ዳር ቆማ ጠበቀች። የሚያልፈው ሰው ሁሉ አይስክሬም ይልሳል። እሷ በሆዷ «ያ ረቢ፣ ጥለውት እንዳይሆን» ትላለች። ከተጣለ ምን ይመለሳል? ሌላ ነጭታ ብታሳይስ? አሰበችው። ግን እናቷ ፊት በውሸት ሳር መቆም አልሆንልሽ አላት።

ጸሐፊዋ በጎን በር ወጣች፤ ሳሩን በነጭ ወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። ደርቆ ቢጫ ሆኗል። «ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠውት ነበር» አለች። «ሳሬን መልሱልኝ ትላለች ስላቸው አዘኑ። ያጠፋነው ነገር አለ?»

«የለም» አለች ፊርደውስ። «ምንም አላጠፉም። ደግ ሰው ናቸው።»

«ስለ ወንድምሽ ጠይቀው ነበር፤ እስካሁን መልስ አላገኙም። ይህ ማለት መጠየቁን ይተዉ ማለት ነው?»

«አይደለም። አይተዉ። ይጠይቁ፣ እባክሽ።»

ሴትዮዋ አልገባትም፤ ቢሆንም እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋላት ተመለሰች። ፊርደውስ ሳሩን በመዳፏ ዘርግታ፣ ሕንፃው ከኋላዋ እንዲታይ አድርጋ ፎቶ አነሳች። ለእናቷም ለሼህ ሸምሱም ላከችው። ከሥሩ አንዲት ቃል ጻፈች፦ «መለሱልኝ።»

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ዙቤይዳ አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

«ምን አደረግሻቸው?» አለች።

ፊርደውስ የደረቀውን ሳር መልሳ በወረቀቱ ጠቀለለችው።

«የተቀበለ ሰው በባዶ ሜዳ አይመልስም። ልባቸው ላይ አድርገውት ነበር። ምን ብለሽ አስቀየምሻቸው?»

እውነቱን ልትነግራት ትችል ነበር። መልሱልኝ ብዬ የለመንኩ እኔ ነኝ ብትል ግን፣ ሳሩ በተቀበሉት ሰው ፈቃድ አልተመለሰም ማለት ነው፤ ሽማግሌዎቹ እንደገና ቁጭ ብለው ሊመክሩ ነው፣ ቀኑም በምክር ሊያልቅ ነው። አያውቁትም ብትል ያንን ቀድማ ብላዋለች፤ ማን ሰማት? ከእናቷ ድምፅ ጀርባ የወንዶች ማጉረምረም ይሰማታል። ቤቱ ሞልቷል። ሁሉም አንድ መልስ ይጠብቃል።

«አፌ አመለጠኝ እማ» አለች። «ክፉ ቃል ተናገርኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው። እሳቸው ምንም የለባቸውም፤ መለሱልኝ።»

«ክፉ ቃል» አለች ዙቤይዳ።

«አዎ።»

«ወንድምሽ አንገቱ ላይ ገመድ ተንጠልጥሎ።»

«አዎ እማ» አለች ፊርደውስ እንደምንም።

ከወዲያ ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲቀመጥ ተሰማት፤ አልተዘጋም። የሼህ ሸምሱ ድምፅ መጣ። «ሳሩ ተመልሷል። እንግዲህ ነጻ ነን። ከቦርከና ዳር እርጥቡን ንጩ፣ መኪናም ጥሩ» አሉ። ወንበር ተንኳኳ፣ ሰው ተነሳ፣ አንዱ ሚኒባስ ሊያስቆም ሮጠ። ሱዓድ ስታለቅስ ትሰማለች። ዙቤይዳ «እኔም እሄዳለሁ፤ ነጠላዬን አምጡልኝ» አለች። እግሮች ወደ ደጅ ወጡ።

ፊርደውስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች መስኩ ላይ ቆማ ጠበቀች። እናቷ ተመልሳ ስልኩን የምታነሳው መስሏታል፤ ሳትመርቃት ዘግታ አታውቅምና። የመኪና ሞተር ተነሳ፣ ድምፁ እየራቀ ሄደ፣ ቤቱ ጭር አለ። ምርቃቱ አልመጣም። ፊርደውስ ባዶ ቤት ለሚያዳምጠው ስልክ «አሚን» አለች፣ ከዚያ ራሷ ዘጋችው።